ወደ ሌላ ዓለም የገባው ጀግና

በጃፓን የካርቱን ፊልሞች ዘንድ ‹‹ኢሴካይ›› የሚባል የትረካ ዓይነት አለ፤ ትርጉሙም ‹‹ሌላ ዓለም›› ማለት ነው። በዚህ ትረካ አንድ ተራ ወጣት አስማትና ጭራቅ ወዳለበት አገር በድንገት ይገባል፤ ብዙውን ጊዜም ያልደከመበትን ኃይል ተጎናጽፎ ጠላቶቹን ሁሉ ድል ይነሣል። ስለዚህ አስተዋይ ተመልካች ‹‹ድካም የሌለበት ድል ምን ያስተምራል?›› ብሎ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. መታየት የጀመረው ‹‹ሪ-ዜሮ›› ግን ይህን ጥርጣሬ ገና በመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ይፈትነዋል። ሱባሩ የተባለው ወጣት ከሱቅ እንደ ወጣ ራሱን በባዕድ ከተማ ያገኘዋል፤ ታላቅ ኃይል እንደሚሰጠውም ይጠብቃል። የተሰጠው ግን በሞተ ቁጥር ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና መጀመር ብቻ ነው።

‹‹ሞት የሚሻር ከሆነ ምን ያስፈራል?›› የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ ጊዜው ሲመለስ ያለፈውን የሚያስታውስ ሱባሩ ብቻ ነው፤ ቀድሞ የረዳችው ልጅ እንኳ ማን እንደ ሆነ አታውቅም። በሦስተኛው ጊዜ ከገደሉት ወሮበሎች በአራተኛው የሚያመልጠውም ጡንቻው በርትቶ አይደለም፤ ‹‹ድረሱልኝ!›› ብሎ መጮኽን ስለ ተማረ ነው።

በእርግጥ ሦስት ክፍል አይቶ ስለ መጀመሪያው ምዕራፍ 25 ክፍሎች መፍረድ ችኮላ ይሆናል። ነገር ግን ባለታሪኩን የስሕተቱን ዋጋ የሚያስከፍል ትረካ፣ ስለ ሌላ ዓለም ቢያወራም፣ ለዚህኛው ዓለም ሰው የሚለው አለው። ተጠራጣሪውም አራተኛውን ክፍል ቢመለከት አይጸጸትም።