የጎረቤት ቁልፍ

መስከረም ተጋምሶ የመስቀል በዓል ሲቃረብ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወጣው ጎዳና በመንገደኛ ይጨናነቃል። ዓለም ገና ላይ ጉዞው ለሁለት ይከፈላል። ከፊሉ በቀጥታ ወደ ወልቂጤና ወደ ሰባት ቤት ጉራጌ ያመራል፤ ከፊሉ ደግሞ ወደ ግራ ታጥፎ፣ መልካ ቁንጡሬ ላይ አዋሽን ተሻግሮ፣ ወደ ጥያና ወደ ቡታጅራ ያቀናል። በ1950ዎቹ እነዚህን መንገዶች ለማሠራት በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች ከዕለት ገቢያቸው እየቆጠቡ ማዋጣታቸው የሚዘነጋ አይደለም። መንገዱን ያሠሩት ለንግድ ብቻ ሳይሆን ዓመት ጠብቀው ወደ እናታቸው ቤት ለመግባት ጭምር ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ይህን ጉዞ ዳር ቆመን የምናይ ወገኖችም አለን። ተወልደን ያደግነው በከተማ ነው፤ «ሀገር ቤት» ብለን የምንሄድበት የለንም። የእኛ ሀገር ከተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ይገኝ የነበረ አንድ የቀበሌ ግቢ ነበር። እርሱም ዛሬ የለም። በዚህ በዓል ስለዚያ ግቢና ስለ ጎረቤቶቻችን ጥቂት ለማለት የወደድነው ትዝታ ለመቆስቆስ ብቻ ሳይሆን፣ የምናቀርበው አንድ አስተያየት ስላለን ነው።

ግቢው ቀድሞ የአንድ ባለ ርስት ነበር። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ሲወጣ ወደ ቀበሌ ተላለፈ። ስምንት ቤት፣ አንድ የውኃ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት፣ በቆርቆሮ የተከለሉ ማድቤቶች ነበሩት። ግድግዳው ስስ ስለነበረ በአንዱ ቤት ያነጠሰ ሰው ከሌላው ቤት «ይማርህ» ይባል ነበር። ከስምንቱ ቤተሰብ ሦስቱ ከጉራጌ፣ የቀሩት ከመንዝ፣ ከወሎና ከወለጋ የመጡ ነበሩ። አንደኛው ቤት ሙስሊም ነበር፤ ሥጋው ለየብቻ ይሁን እንጂ ቡናው አንድ ነበር። ሁሉም ነገር መልካም ነበር ለማለት ግን አንደፍርም። በቧንቧው ወረፋ እናቶቻችን ይነታረካሉ፤ ክረምት በገባ ቁጥር ጣሪያው ያፈስሳል፤ የመጸዳጃ ቤቱን ነገር በበዓል ገጽ ላይ ባናነሣው ይሻላል።

በዓሉ ሲቃረብ ሦስቱ ቤቶች ይዘጋሉ። ጋሼ ባለሱቁ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙትን ይዘው፣ ባለቤታቸው እትዬም ለአማታቸው የገዙትን ነጠላ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ልጆቹን አስከትለው ወደ ጥያ ይሄዳሉ። ከመሄዳቸው በፊት ግን ጋሼ በራቸውን በትልቅ ጓጉንቸር ይቆልፉና ቁልፉን ለእናታችን ይሰጣሉ። ምን ይደረግ፣ ምን አይደረግ የሚል ቃል አይጨምሩም። እናታችን ቁልፉን በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ትይዘዋለች። የሱቁ ዕቃ፣ የዱቤው መዝገብና የዓመቱ ኑሮ ሁሉ በዚያች ቋጠሮ ውስጥ ነበረ።

ትምህርት ቤታችንም የመስቀልን ሳምንት በራሱ መንገድ ያውቀው ነበር። የፈረቃ ትምህርት ቤት ነው፤ በአንድ ወንበር አራት ሆነን ተጣበን እንቀመጣለን። በዚያ ሳምንት ግን ክፍሉ ይሳሳል፤ በአንድ ወንበር ሁለት ሆነን እንንሰራፋለን። መምህራችን መዝገቡን ይዘው ስም ሲጠሩ፣ በሌለው ልጅ ፈንታ እኛ በአንድ ድምፅ «ሀገር ቤት!» ብለን እንመልሳለን። መምህራችን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ብዕራቸውን ያሳልፉታል እንጂ «ቀሪ» ብለው አይጽፉም ነበር። አዲስ ትምህርትም እምብዛም አይጀምሩም። የተጀመረ እንደሆነ ግን የሄዱትን ልጆች ደብተር የምንጽፍላቸው እኛ ነን፤ ዋጋችንም ሲመለሱ የሚያመጡልን ቆጮና አይብ ነበር። ለአንድ ገጽ ስንት ጉርሻ ቆጮ እንደሚገባ እንከራከር እንደነበረ ስናስታውስ ዛሬም ያስቀናል።

የ1982 ዓ.ም. መስቀል ግን እንደ ሌሎቹ አልነበረም። ጦርነቱ በሰሜን ተፋፍሞ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣቶች ከየመንገዱና ከየቤቱ የሚታፈሱበት ዘመን ነበር። ታላቅ ወንድማችን አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። የደመራ ዋዜማ ማታ አፈሳ እንዳለ በሰፈሩ ሲሰማ፣ እናታችን መቀነቷን ፈትታ የጋሼን በር ከፈተች፤ ወንድማችንን ወደ ውስጥ አስገብታ ጓጉንቸሩን ከውጭ መልሳ ቆለፈችው። ባለቤቱ ሀገር ቤት የሄደበት፣ ከውጭ የተቆለፈ ቤት ነውና ማንም አላንኳኳውም። ሰዎቹ የእኛን ቤት ፈትሸው ሄዱ። ወንድማችን በዚያ ጨለማ አምስት ቀን ቆየ። ምግቡ የሚገባለት በጓሮ በኩል በነበረችው ትንሽ መስኮት ነበር። ግቢው በሙሉ ያውቃል፤ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። በቧንቧው ሰበብ ከእናታችን ጋር ለወራት ተኳርፈው የነበሩት እናት እንኳ በሦስተኛው ቀን ድፎ ዳቦ ቆርሰው በመስኮቷ አቀበሉት።

ጋሼ ሲመለሱ ቁልፋቸውን ተቀብለው ገቡ። አልጋው እንደተተኛበት፣ የኩራዙ ጋዝም እንዳለቀ ሳያዩ አልቀሩም። እናታችን ይቅርታ ለመጠየቅ አፏን ስትከፍት፣ «ቤቱ ሰው ሲያድርበት አይሻግትም» ብለው ሌላ ወሬ ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ በግቢው ውስጥ ተነሥቶ አያውቅም።

ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. መስቀል፣ ጋሼ እኛን የጎረቤት ልጆችን ወደ ጥያ ይዘውን ሄዱ። እንሰት ተክል ያየነው ያኔ ነው። በጣባ የቀረበልንን ክትፎ በቆጮ በላን፤ ማታ ማታ የአካባቢው ወጣቶች አዳብና ሲጨፍሩ እያየን አመሸን። ከከተማይቱ አጠገብ ወዳሉት ትክል ድንጋዮችም ወሰዱን። 36 ድንጋዮች ናቸው፤ ከእነርሱም 32ቱ ቅርጽ ወጥቶባቸዋል። ከቅርጾቹ ውስጥ ሰይፉን ወዲያው ለየነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገባቸውን በዚያን ጊዜ አናውቅም ነበር። ሽማግሌዎቹ «የግራኝ ድንጋይ» ይሏቸዋል፤ ኋላ እንዳነበብነው ግን የቁፋሮ ተመራማሪዎች ከሥራቸው ያገኟቸው መቃብሮች ግራኝ አሕመድ ከተነሣበት ከ16ኛው ክፍለ ዘመን የቀደሙ ናቸው። ትክሎቹን ያቆመው ሕዝብ ማን እንደነበረ በውል አልታወቀም። ሙታኑን ግን ጎን ለጎን አሳርፎ ምልክት አድርጎላቸዋል።

ከጉዞው ሁሉ የማንረሳው የጋሼን እናት ነው። ዐይናቸው ደክሟል። እጃችንን እየዳበሱ የእያንዳንዳችንን ስም ጠየቁ። የእኛ ተራ ሲደርስና የማን ልጆች እንደሆንን ሲነገራቸው፣ «ያ ቤቴ ውስጥ የተደበቀው ልጅ ደኅና ነው?» አሉን። ጋሼ በግቢው ያልተነፈሱትን ለእናታቸው ነግረው ኖሯል። እናቲቱም ወንድማችን እንዲተርፍ ለምድረ ከብድ አቦ ተስለው እንደነበረ ያን ዕለት ሰማን። የማያውቁንና የማናውቃቸው አሮጊት በጉራጌ ምድር ተቀምጠው ስለ እኛ ቤት ሲሳሉ ነበር። ቤቱንም «ቤቴ» ነበር ያሉት፤ አዲስ አበባ ያለውን የቀበሌ ቤት!

ግቢያችን ፈረሰ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ብዙ አሮጌ መንደሮች ፈርሰዋል፤ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፒያሳና ካዛንቺስ ተከትለዋል። ከተማ መታደስ እንዳለበት አንከራከርም። የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ያደገ ሰው የሲሚንቶ ቤትን ዋጋ ያውቃል። እናታችን በጀሞ በራሷ ኩሽና ቧንቧ ስትከፍት እስከ ዛሬ «ተመስገን» ትላለች። ቅሬታችን ሌላ ነው። ቤቱ በዕጣ ሲደርስ ዕጣው ቤትን ያያል እንጂ ጎረቤትን አያይም። ከስምንቱ ቤተሰብ አንዳችንም በአንድ ሕንጻ አልገጠምንም። ጋሼ የካ አባዶ ደረሳቸው፤ ከእኛ ዘንድ ለመድረስ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ ያስፈልጋል። የቀድሞው እድራችን አልፈረሰም፤ ይሁን እንጂ የምንገናኘው በቀብር ላይ ብቻ ሆኗል።

ስለሆነም የምናቀርበው አስተያየት ይህ ነው። ነዋሪዎች ለልማት ሲነሡ፣ በአንድ ግቢ የኖሩ ቤተሰቦች ፈቃዳቸው ከሆነ በቡድን ተመዝግበው በአንድ ሕንጻ ወይም በአጎራባች ሕንጻዎች ዕጣ እንዲያወጡ ቢደረግ ተጨማሪ ወጪ ያስከትላል ብለን አናምንም። ወረቀት ላይ የሚሠራ ሥራ ነው። ሁለተኛው ነገር በእጃችን ያለ ነው። በጋራ መኖሪያ መንደሮች «ኮሙናል» የሚባሉት ቤቶች ሲሠሩ ነዋሪው በአንድነት እንዲያርድባቸው፣ እንዲያበስልባቸውና እንዲያጥብባቸው ታስበው ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ ለሱቅና ለመጋዘን ተከራይተዋል። የኪራዩ ገንዘብ ለማኅበሩ እንደሚጠቅም እናውቃለን፤ ቢያንስ በዓመት ሁለትና ሦስት በዓላት ግን ቢከፈቱ ምን ይጎድላል? ከበራችን ፊት ለፊት ያለውን ሰው ስም የማናውቅ ጥቂት አይደለንም። ቁልፍ መስጠትማ የማይታሰብ ሆኗል።

ጉራጌ ወገኖቻችን ዓመት ጠብቀው ወደ መነሻቸው ይመለሳሉ። የእኛ መነሻ ቦታ ሳይሆን ሰው ሆኖ ቀርቷልና፣ እኛም የምንመለሰው ወደ ሰው ነው። የግቢው ልጆች ዘንድሮ በጀሞ ያለውን ኮሙናል ለአንድ ቀን ለምነን አግኝተናል። ቀኑ በመጀመሪያ የመስቀል ማግስት ነበር፤ ጋሼ ከጥያ የሚመለሱት በሳምንቱ መሆኑ ስለታወቀ ወደ ተከታዩ እሑድ አዛውረነዋል። ቡናው የእናታችን ነው፤ ቆጮው ከጥያ ይመጣል። ወንድማችንም ልጆቹን ይዞ ይገኛል።

እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ በሰላም አደረሳችሁ።