የጊኒ ፒግ ዓይን ቁስለት፦ ከምርመራ የቀደመ ጠብታ

የዓይን ብሌን ቁስለት በዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ሲጫር ወይም ሲወጋ የላይኛው ቆዳው ተነስቶ የሚፈጠር ጉዳት ነው። ጊኒ ፒግን ለቤት እንስሳነት በሚያሳድጉ ሰዎች ዘንድ፣ በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ፣ ስለዚህ ቁስል አንድ ልማድ ሥር ሰድዷል፤ ዓይኗ ሲቀላ ወይም ነጭ ነገር ሲያጠላበት በጨው ውኃ ማጠብ፣ ቤት ውስጥ ከተረፈው የሰው መድኃኒት ጠብ ማድረግ፣ በሁለት በሦስት ቀን ካልተሻላት ሐኪም ማሰብ። ልማዱ ከርኅራኄም ከኪስ ስሌትም የመጣ ነው። ስህተቱ ያለው እንስሳዋ ቤት መታከሟ ላይ ሳይሆን የቁስሉ ጥልቀት ሳይታወቅ ሕክምናው መጀመሩ ላይ ነው።

የጊኒ ፒግ ዓይን ወጣ ብሎ በጎን የተተከለ ነው፤ እንደ ሰው ዓይንም ቶሎ ቶሎ አይርገበገብም። እንስሳዋ ፊቷን ድርቆሽ ውስጥ ቀብራ ስለምትውል የሳር ስንጥር ብሌኑን ይወጋዋል፤ የጉዝጓዝ ብናኝ ይፍቀዋል፤ ከጓደኛዋ ጋር ስትጣላም ጥፍር ያገኘዋል። ከውጭ የማይታዩ ምክንያቶችም አሉ። ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ሥር ወደ ዓይን ጉድጓድ ሲገፋ ዓይኑ ወደ ፊት ይወጣል፣ ቆቡ አልገጥም ይላል፣ ብሌኑም ይደርቃል። ቆብ ሥር ስንጥር በተሰነቀረበት ወይም የጥርስ ሥር በሚገፋው ዓይን ላይ ጠብታው ሺህ ጊዜ ቢጨመር ምክንያቱን አይነቅለውም። በዚያ ላይ ጤነኛ ጊኒ ፒግም ፊቷን ስታጸዳ ከዓይኗ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ታፈልቃለች። ይህን የማያውቅ ሰው ጤናዋን በሽታ ይለዋል፤ የሚያውቀው ደግሞ አልለቅ ያለውን ነጭ ጥላ «ያው ወተቷ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ቁስሉን የሚለየው ምርመራ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። ፍሎረሲን የተባለ ብርቱካናማ ቀለም ዓይኑ ላይ ተደርጎ ከታጠበ በኋላ ዓይኑ በሰማያዊ ብርሃን ይታያል። ያልተጎዳው የብሌን ቆዳ ቀለሙን አይቀበልም፤ ቆዳው በተነሳበት ቦታ ግን ከሥሩ ያለው ክፍል ቀለሙን መጥጦ አረንጓዴ ያበራል። ብሌኑን ከውስጥ በኩል የምትደግፈው ስስ ሽፋን ደግሞ ቀለሙን አትይዝም። ስለዚህ ቁስሉ እስከዚያች ሽፋን ከዘለቀ ዙሪያው አረንጓዴ፣ መካከሉ ጥቁርና ጥርት ያለ ሆኖ ይታያል፤ ያ ዓይን ለመፈንዳት ትንሽ ግፊት ይበቃዋል። በባዶ ዓይን ለሚያይ ሰው ግን የጠራው መካከል የመዳን ምልክት ይመስለዋል። የተገላቢጦሹም አለ፤ ጥልቅ ቁስል ሲድን የደም ሥሮች ከዳር ወደ መካከል እየተሳቡ ብሌኑን ያቀሉታል፣ ባለቤቱም «ባሰባት» ብሎ መድኃኒት ይለውጣል። የባሰው የዳነ፣ የሚድነው የባሰ በሚመስልበት ዓይን ላይ «እያየን እንወስናለን» የሚለው ምክር መቆሚያ የለውም።

የቤት ሕክምና ተከራካሪዎች ዋና ማስረጃ የዳኑት እንስሳት ናቸው። መዳናቸው እውነት ነው። ላይ ላዩን ብቻ የተጫረ ብሌን ጀርም ካልገባበትና ምክንያቱ ከተወገደ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይሽራል፤ በሻይ የተነከረ ጥጥም ሆነ ማር ያልሠሩበትን ምስጋና የሚወስዱት ከዚህ የተነሳ ነው። ዓይኑ የፈሰሰበት እንስሳ ባለቤት ደግሞ ታሪኩን ለማውራት አይቸኩልም።

ከመድኃኒት ሳጥኑ የሚወጡት ነገሮችም እኩል አይደሉም። እጅግ አደገኛው ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ነው። ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን መቅላቱን ስለሚያጠፉ ዓይኑ የተሻለው ይመስላል፤ ከሥር ግን የቁስሉን መሻር ያዘገያሉ፣ ብሌኑን የሚያሟሟውን ሂደት ያባብሳሉ። ስቴሮይድ ከአንቲባዮቲክ ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ብልቃጥ ስለሚሸጥ «አንቲባዮቲክ ነው» ተብሎ በቅን ልብ ይጨመራል። የሚያደነዝዝ ጠብታም ሲደጋገም የብሌኑን ቆዳ ይጎዳል። የኢትዮጵያ አንባቢ ከትራኮማ ሕክምና የሚያውቀው የቴትራሳይክሊን ቅባት እንኳ፣ እንደ ሌላው የዓይን ቅባት ሁሉ፣ ሊበሳ በተቃረበ ብሌን ላይ አይደረግም፤ ቅባቱ ወደ ዓይን ውስጥ ከገባ ብርቱ ብግነት ያስነሳል። «ምንም አይጎዳም» የሚባለው ሰው ሠራሽ እንባም ቢሆን ንጽሕናው ከተጓደለ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ መድኃኒት በማይበግረው፣ ሱዶሞናስ በተባለ ባክቴሪያ የተበከለ ሰው ሠራሽ እንባ ተገኝቶ ነበር፤ በዚያው ወረርሽኝ የታወሩም የሞቱም ሰዎች ነበሩ።

ጠብታው አልሠራ ሲል የተረፈ አሞክሲሲሊን በአፍ የሚሰጥም አለ፤ ይህ ከዓይን አልፎ ነፍስ ያጠፋል። ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ፣ ክሊንዳማይሲንም ጭምር፣ የጊኒ ፒግን የአንጀት ባክቴሪያ ሚዛን አፍርሰው መርዝ የሚያመነጨው ክሎስትሪዲየም እንዲነግሥ ያደርጋሉ። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 1940 ፔኒሲሊንን የሞከሩት በአይጦች ላይ ነበር፤ ጊኒ ፒግ መርጠው ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱን መርዝ ብለው ይጥሉት ነበር እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል።

ሦስት ቀን መጠበቅ ራሱ ዋጋ አለው። ጊኒ ፒግ በአውሬ የምትታደን ፍጥረት ስለሆነች ሕመሟን ትደብቃለች፤ መታመሟ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ መብላት ስታቆም ነው። መብላት ስታቆም ደግሞ አንጀቷ ይቆማል፤ አንድ ቀን ያልበላች ጊኒ ፒግ ዓይኗ ባይታመም እንኳ አስቸኳይ በሽተኛ ናት።

የወጪው ክርክር ቀላል አይደለም፤ የአንድ ቀን ምርመራ እንስሳዋ ከተገዛችበት ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ይሁን እንጂ የሕመሟ መጠን በዋጋዋ አይለካም፤ ዘግይቶ የሚመጣው ዓይን የማውጣት ቀዶ ሕክምናም ከቀለሙ ምርመራ እጅግ ይበልጣል። ትችቱ ለባለቤቶች ብቻ አይደለም። ዓይኑን ቀለም ሳይነካው ጠብታ ጽፎ የሚሸኝ የእንስሳት ሐኪም ያንኑ የቤት ስህተት በነጭ ካፖርት ይፈጽመዋል።

ምርመራው ካለቀ በኋላ አብዛኛው ሥራ ቤት ነው። በሐኪም የታዘዘው አንቲባዮቲክ በቀን ብዙ ጊዜ፣ ቁስሉ ሲከፋም ሌሊት ጭምር ይንጠባጠባል፤ ሁለት ዓይነት ጠብታ ካለ በመካከላቸው ጥቂት ደቂቃ ይተዋል። ለሕመሟ ማስታገሻ ይሰጣታል። መብላት ከቀነሰች የላመ ምግብ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ትጎርሳለች፤ ቫይታሚን ሲን ሰውነቷ እንደ ሰው ሁሉ መሥራት ስለማይችል እሱም አይቋረጥባትም። ሸካራው ድርቆሽ ለስላሳ በሆነው ይተካል፣ አቧራማው ጉዝጓዝ ይነሳል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀለሙ እንደገና ይታያል፤ ጠብታው የሚቆመውም ብሌኑ አረንጓዴውን መያዝ ሲያቆም ነው። በሳምንት ውስጥ ካልተሻለ ግን ሐኪሙ ጠብታ ከመለወጡ በፊት ጥርሷንና የዓይኗን ቆብ ያያል።