«የቡና ደጋፊ ኳስ አያውቅም» ለምትሉ

የሸገር ደርቢ በቀረበ ቁጥር በእኛ በፈረሰኞቹ ወገን አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአፍ ወደ አፍ ትዞራለች። «የቡና ደጋፊ መጨፈር እንጂ ኳስ አያውቅም!» ታክሲ ውስጥ ትሰማላችሁ፤ ካፌ ውስጥ ትሰማላችሁ፤ የጊዮርጊስን ማሊያ ትናንት የገዛ ልጅ ሳይቀር ይደግማታል። ማስረጃ ስትጠይቁት ደግሞ መልሱ አንድ ነው፦ «ስንት ዋንጫ አላቸው?»

ማንም እንዳይጠራጠረን ከወዲሁ እንናገር፤ እኛ ጊዮርጊስ ነን። ቡና ሲሸነፍ ደስ ይለናል፤ በእኛ ሲሸነፍ ደግሞ እራታችን ይጣፍጠናል። ይቺ ዓረፍተ ነገር ግን ውሸት ናት። ይባስ ብላ የምትጎዳው እኛኑ ነው።

እስቲ ከዋንጫው እንጀምር። ፕሪሚየር ሊጉ ከተጀመረበት ከ1990 ዓ.ም. አንስቶ እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ቡና የሊጉን ዋንጫ ያነሳው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ2003፣ በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ ዘመን። በቃ። ያንን ዋንጫ አንደኛ ክፍል ሆኖ ያየ የቡና ልጅ በ2014 አስራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ሁለተኛውን አላየም። ማሊያውን ግን አልቀየረም። ታናሽ ወንድሙንም ለዚያው ክለብ አሳልፎ ሰጠ።

እስቲ ወደ ራሳችን ወገን ደግሞ እንመልከት። በ2010 ዋንጫውን ጅማ አባ ጅፋር ወሰደ። በ2011 መቐለ 70 እንደርታ ወሰደ። የ2012 ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 ፋሲል ከነማ ወሰደ። ሦስት ዋንጫ አመለጠን፤ አንድ ዓመት ባዶ ቀረ። በዚያ ጊዜ «ይሄ ክለብ አብቅቶለታል» እያለ ስለ ጊዮርጊስ ማውራት ያቆመው ሰው ስንት ነበር? በ2014 እና በ2015 ተከታትለን ሻምፒዮን ስንሆን ከፊት ተሰልፎ የጨፈረውስ ማን ነበር? እነዚያው ናቸው! ዛሬ ስለ ታማኝነት የሚያስተምሩን እነሱ ናቸው። ዋንጫ የክለብ ሀብት ነው። ደጋፊው ዋንጫውን አያመጣም፤ ሳይመጣ ሲቀር የት እንዳለ ግን ይታያል።

«እሺ፣ ታማኝ ናቸው እንበል። ዕውቀቱስ?» ትሉናላችሁ። ጥሩ፣ ወደ ዕውቀቱ እንሂድ።

ካሳዬ አራጌን አስታውሱ። የቡና የቀድሞ አማካይ ነው። ከአሜሪካ ተመልሶ ክለቡን በ2012 ማሰልጠን ሲጀምር ያመጣውን አጨዋወትም ታስታውሳላችሁ። በረኛው ኳሱን አይጠልዝም፤ ለተከላካዩ ያቀብላል። ተከላካዩ ተጋጣሚ እየመጣበት ኳሱን መስርቶ ይወጣል። አንዲት ቅብብል ስትሳሳት ጎል ነው። እንዲህ ያለ ኳስ ማየት የልብ ድካም ያመጣል። ሌላ ቦታ ቢሆን በሁለተኛው ሳምንት «አሰልጣኙ ይባረር!» ይባል ነበር።

የቡና ደጋፊ ምን አደረገ? ተከራከረ። ግማሹ «ይሄ ነው የእኛ ኳስ፣ ታገሱት» አለ። ግማሹ «ለዚህ አጨዋወት የሚሆን ተከላካይ የለንም» አለ። በረኛው ሲጫን ለማን ማቀበል እንዳለበት፣ አማካዩ ለምን ወደ ኋላ መጥቶ ኳስ እንደማይቀበል፣ የመስመር ተከላካዩ ሲወጣ ቦታውን ማን እንደሚሸፍን ተጨቃጨቁ። በ2013 ቡና ሊጉን ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ አቡበከር ናስርም 29 ጎል አስቆጠረ። ክርክሩ ግን ያኔም አላበቃም። እንግዲህ ፍረዱ። ስለ አጨዋወት ወራት የሚከራከር ሰው ኳስ አያውቅም? ከጨዋታ በኋላ «ስንት ለስንት?» ብሎ ጠይቆ የሚሄደው ነው የሚያውቀው?

ደግሞ ጭፈራውን እንደ ነውር የምትቆጥሩት ነገር አለ። አንድ ቀን እንኳ ጆሯችሁን ሰጥታችሁ አዳምጡ። የቡና ደጋፊ ጎል እስኪገባ አይጠብቅም። አማካዩ ሁለት ሰው መሃል ኳስ ተቀብሎ ዞሮ ከወጣ ያጨበጭባል። ያቺን ዙረት ለማድነቅ ደግሞ ከባድ መሆኗን ማወቅ ያስፈልጋል። ዘፈንና ዕውቀት በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ ማን አጣላቸው?

ታሪክም ካነሳችሁ፣ ክለቡ «ቡና ገበያ» ይባል የነበረበትን ዘመን ያልደረሰበት ወጣት ሳይቀር ይተርክላችኋል። በ1990 የግብፁን አል አህሊ ከአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ እንዳስወጡ ይነግራችኋል፤ ሳትጠይቁትም ጭምር! እኛስ? ክለባችን በ2009 እዚያው ውድድር ምድብ ውስጥ ሲገባ ከእነማን ጋር እንደተደለደለ አጠገባችሁ ያለውን ጠይቁት። ሰንዳውንስ፣ ኤስፔራንስና ቪታ ክለብ ነበሩ። ስንቱ ይመልስላችሁ ይሆን? ይኸው ሰው ግን የአርሴናልን ተጠባባቂ በረኛ ስም በእንቅልፍ ልቡ ይጠራላችኋል።

በመካከላችን ያለን ሴቶች ይሄን ነገር ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ስታዲየም ስንገባ፣ ዲኤስቲቪ ቤት ስንቀመጥ «ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» እንባላለን። አጠገባችን ያለውን ወንድ ማንም አይጠይቀውም። ጥያቄው ዕውቀት ለመለካት አይደለም፤ «ቦታሽ እዚህ አይደለም» ለማለት ነው። «የቡና ደጋፊ ኳስ አያውቅም» የዚያች ጥያቄ እህት ናት። ስለዚህ በእኛ ስም ስትነገር ዝም አንልም።

የቡና ወዳጆቻችንም በዚህ ጽሑፍ ብዙ እንዳትደሰቱ! እናንተም «ጊዮርጊሶች ዋንጫ እንጂ ክለብ አይወዱም» የምትሏት ነገር አለቻችሁ። ክለቡ የተመሠረተው በ1928 ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው ዋንጫ ብቻ ከሆነ በ2010 እና በ2011 ስታዲየም የነበሩት ሰዎች ምን ሊያዩ መጡ? የእኛ ወገን አስመሳይ አለው፤ የእናንተም አለው። አስመሳይን ቆጥሮ ደጋፊን ሁሉ መፍረድ ከሁለታችንም አያምርም።

ነገሩ የስድብ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍን። የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ሲዘጋ ሊጉ ከከተማ ከተማ ዞረ። በ2014 እና በ2015 የሸገር ደርቢ ከሸገር ውጭ ተደረገ። ያኔ ብዙው ሰው ከቤቱ በቴሌቪዥን አየ፤ ብዙው ደግሞ ጭራሽ አላየም፤ የእንግሊዝ ጨዋታ ነበረበታ! ክለቡን ተከትሎ በአውቶብስ የተጓዘው ጥቂት ነው። ከቡናም ሄዷል፤ ከእኛም ሄዷል። የሁለቱ መንገደኞች ዘፈን ይለያይ እንጂ ድካማቸው አንድ ነው። ለንደንና ማንቸስተር ልቧን በወሰዱባት ከተማ ውስጥ የአገሩን ኳስ የሚከተል ሰው ጠላታችን ሳይሆን የቀረን ወገን ነው። እሱ ከቀረ ደርቢው ይቀራል። ደርቢው ከቀረ ደግሞ ማንን አሸንፈን ነው የምንኩራራው?

ሌላም አለ። ድንጋይ ሜዳ ላይ ከመወርወሩ በፊት ንቀት በአፍ ይወረወራል። «አያውቅም» ያሉትን ሰው መናቅ ቀላል ነው፤ የናቁትን መምታት ደግሞ ከዚያም ይቀላል። ደርቢ በመጣ ቁጥር ልጄ በሰላም ይመለስልኝ ይሆን እያለች የምትጨነቅ እናት በሁለቱም ወገን አለች።

መተራረቡ ይቅር አንልም፤ ያለ እሱ ደርቢው አይጥምም። «ከ2003 ወዲህ ምን አላችሁ?» በሏቸው፤ እኛም እንላቸዋለን፣ እየሳቅን። በተከላካያቸው ቀልዱ፤ በበረኛቸው ቀልዱ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ግን ጣሏት። በሚቀጥለው ደርቢ ደግሞ ከጎናችሁ ያለውን የቡና ደጋፊ ስለ ቡድኑ የመሃል ሜዳ ጠይቁትና ዘጠና ደቂቃ አዳምጡት።

ጨዋታውን እሱ ያስረዳችሁ። ዋንጫውን ግን ለእኛ ተዉት!