ፍሬን ይቅደም ወይስ ጭስ?

ስለ ሥልጣን ሽኩቻና ስለ ፓርቲ መግለጫ ብዙ ስለተባለ ዛሬ ወደ መኪና የፊት መስታወት ልወስዳችሁ አስቤአለሁ። በመስታወቱ ጥግ ተለጥፋ የምናያት፣ ሁላችንም «ቦሎ» የምንላት ወረቀት በመንግሥትና በባለንብረት መካከል በዓመት አንድ ጊዜ የሚታደስ ውል ናት። ቃሉ የጣልያን ነው። ከፍሪሲዮን፣ ከካምቢዮ፣ ከማርሚታና ከባሌስትራ ጋር በየጋራዡ የቀረልን ቅርስ ሲሆን፣ በአገሩ ማኅተም ማለት ነው። ጥያቄዬም ይህ ማኅተም የሚመሰክረው ስለ ምንድን ነው የሚል ነው።

በሕጉ ካየነው ቦሎ የሦስት ነገር ተሸካሚ ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየዓመቱ ተመርምሮ ለመንገድ ብቁነቱ እንዲረጋገጥ ያዝዛል። አዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው ተሽከርካሪ እንዳይንቀሳቀስ ይከለክላል። በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድም ከዓመታዊው ዕድሳት ድርሻውን ያገኛል። ከሦስቱ ውስጥ የክፍያው መስኮት ሥራውን ሲያጓድል ሰምቼ አላውቅም፤ መድኑም ወረቀቱ በእጅ ስለሚያዝ ለማረጋገጥ አይከብድም። የሚሳሳው ምርመራው ነው። ለምርመራው ዕለት ደህና ጎማ ተውሶ አስገጥሞ ከግቢው እንደ ወጡ አውልቆ መመለስ፣ አንዳንዴም መኪናው ከቆመበት ሳይነሣ በደላላ በኩል ማኅተሙን ማስመታት በሾፌሮች መካከል እንደ ተራ ጨዋታ የሚወራ ነገር ነው። (ይህ የድሃ አገር ነውር ብቻ እንዳይመስለን። ፎልክስዋገን በ2015 እ.ኤ.አ. በ11 ሚሊዮን ገደማ የናፍጣ መኪኖቹ ውስጥ ፈተና ላይ መሆናቸውን ሲያውቁ ጭሳቸውን የሚቀንሱበትን ብልሃት ሰውሮ እንደ ነበር ተጋልጧል። የእኛው ጎማ ተዋሽ ከእርሱ አንጻር የዋህ ነው።)

በዚህ በሳሳው ምርመራ ላይ አሁን አራተኛ ጭነት፣ የጭስ ልኬት፣ ይጨመር የሚለው ሐሳብ ደጋግሞ እየተነሣ ነው። ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከቋሚም ሆነ ከተንቀሳቃሽ ምንጭ ወደ አየር ለሚለቀቅ ብክለት የተፈቀደ መጠን እንዲወሰን ያዘዘው ከሃያ ዓመት በፊት ነው። እኔም በመርሕ ደረጃ አልቃወመውም። የምቃወመው አዲስ አበባ ላይ ተሰፍቶ ለሰቆጣም በልክህ ነው የሚባለውን ካፖርት ነው።

የዋግ ልጅ ነኝ፤ በሙያዬ ደግሞ የሜካኒካል ምህንድስና መምህር ነኝና እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ነገሩ ፖለቲካ የሚሆነው ከፊዚክሱ በኋላ ነው።

የጭስ ልኬት ሁለት ዓይነት ነው። በቤንዚን ሞተር ላይ ቀጭን ቱቦ ወደ ማርሚታው ጫፍ ይገባና የካርቦን ሞኖክሳይድንና ሳይቃጠል የቀረውን ሃይድሮካርቦን መጠን ያነብባል። በናፍጣ ሞተር ላይ ግን መኪናው ቆሞ፣ የነዳጁ ፔዳል እስከ ወለል እየተረገጠ፣ የሚወጣው ጭስ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚጋርድ ይለካል። አውሮፓውያን ለቆዩት የናፍጣ ሞተሮቻቸው ያወጡት ጣራ ቱርቦ ለሌለው 2.5፣ ቱርቦ ላለው 3.0 በሜትር የሚል ነው። ይህን ቁጥር እንዳለ ገልብጦ መመሪያ ማድረግ ቀላል ነው፤ መመሪያ ስናወጣ የመገልበጥ ልማድም አለን።

ሰቆጣ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ አንድ ሲሊንደር በአንድ ምት የሚስበው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚስበው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ነዳጁ ግን ካርቡሬተር ባለው መኪና ወይም በአሮጌ መካኒካል ፖምፓ በሚሠራ ናፍጣ ላይ በዚያው መጠን ራሱን አይቀንስም። ነዳጁ ይበዛል፣ አየሩ ያንሳል፤ የተረፈው በማርሚታው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። አዲሶቹ ሞተሮች ይህን በኮምፒውተራቸው ያስተካክሉታል፤ ዋግን የሚያመላልሷት ግን በአብዛኛው አዲሶቹ አይደሉም። ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ ያለፈ አይሱዙ፣ አንዲት ብሎን ሳይላላበት፣ ሰቆጣ ላይ ሊወድቅ ይችላል። አዲስ አበባም በከፍታ ከሰቆጣ አታንስምና ጉዳዩ የዋግ ብቻ አይደለም።

ከፍታው ግን ሰበብ ሆኖ አይቅር። ፖምፓውን አስለክቶ ነዳጁን በከፍታው ልክ መቀነስ ይቻላል፤ ጭሱ ይቀንሳል፣ ባለቤቱም ነዳጅ ይቆጥባል። መድኃኒቱ ያለው በማስለኪያው መሣሪያና በሠለጠነው መካኒክ እጅ ነው። ልኬቱን ከመድኃኒቱ አስቀድሞ የሚልክ መንግሥት ግን ሐኪም ሳይኖር ቴርሞሜትር እንደሚያድል ይቆጠራል።

ሁለተኛው ነገር ነዳጁ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የናፍጣ ድኝ ከሚሊዮን 50 እጅ እንዳይበልጥ ወስነዋል፤ ያለዚህ ዘመናዊው የጭስ ማጣሪያ ዕድሜ የለውም። በእኛ አገር ነዳጅ በማደያ ሲጠፋ በጀሪካን ይሸጣል፤ በጀሪካኑ ውስጥ ላምባ መቀላቀሉም አዲስ ወሬ አይደለም። እንዲህ ያለ ነዳጅ ቀድቶ የመጣ ሾፌር ጭሱ ሲለካበት ፈተናውን የወደቀው መኪናው ነው ወይስ ነዳጁ? ቅጣቱን የሚከፍለው ግን የታወቀ ነው።

አሁን ወደ ፍሬኑ ልምጣ፤ ለእኔ ዋናው እርሱ ነውና። ከሰቆጣ ተነሥቶ በዝቋላ ወረዳ ወዳለችው ወደ ጽጽቃ ወይም በአበርገሌ ወዳለችው ወደ ኒሯቅ የሚሄድ መኪና ከደጋ ወደ ተከዜ ቆላ ይወርዳል። በረጅም ቁልቁለት ላይ የተጫነ መኪናን በፍሬን ብቻ የያዘ ሾፌር ከበሮው እየጋለ፣ ሸራው እየለሰለሰ ይሄድና አንድ ኩርባ ላይ እግሩ ባዶ ይረግጣል። ከላይ በጭነቱ ላይ የተቀመጡት ገበያተኞች ይህን አያውቁም። በ2010 ዓ.ም. ገደማ በፖሊስ መዝገብ በአገሪቱ በትራፊክ አደጋ የሚሞተው ሰው በዓመት ከ4 ሺህ በላይ ነበር። ሕዝቡ አንዱን የአይሱዙ ዓይነት «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው በዚሁ ምክንያት ነው። ሁሉም የፍሬን ጥፋት ነው አልልም፤ ድካሙም፣ ጫቱም፣ መንገዱም አለ። ነገር ግን በዓመታዊ ምርመራ አስቀድሞ ሊታወቅ ከሚችለው ገዳይ ሁሉ ፍሬንን የሚስተካከለው የለም።

እዚህ ላይ የሌላውን አገር ልምድ ማየት ይጠቅማል። የአሜሪካዋ ቴክሳስ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የግል መኪኖችን ዓመታዊ የደኅንነት ምርመራ አስቀርታለች። (ምርመራው ቀረ፤ 7 ዶላር ከ50 ሳንቲሙ ግን በሌላ ስም መሰብሰቡን ቀጠለ። የገንዘብ ተቀባይ ጠባይ በየአገሩ አንድ ነው።) ለእኛ የሚጠቅመን ግን ያላስቀረችው ነው። የንግድ ተሽከርካሪዎች ምርመራ እንዳለ ቆየ፤ የጭስ ልኬቱም ከ254 ካውንቲዎች መኪና በበዛባቸው በ17ቱ ብቻ ጸና። ለበረሃው ገበሬና ለሂውስተን ነዋሪ አንድ ዓይነት የጭስ ሕግ አላወጣችም። የእንግሊዞቹ «ኤም ኦ ቲ» ደግሞ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጉድለትን ቀላል፣ ከባድና አደገኛ ብሎ ይለያል፤ አደገኛ የተባለው ሳይጠገን መንገድ ላይ አይወጣም። የእኛ ምርመራም ለጨሰ መኪና የመጠገኛ ጊዜ ሰጥቶ፣ ፍሬኑ ለሳሳው ግን አንድ ቀን እንኳ ባይሰጥ ምን ይከፋል?

«የገጠር ሰው ሳንባ የለውምን?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 እ.ኤ.አ. የናፍጣን ጭስ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት መድቦታል፤ ከአይሱዙ ኋላ በእግራቸው ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት የሰቆጣ ልጆችም ያንኑ ይተነፍሳሉ። ልዩነቱ በብዛት ነው። አዲስ አበባ ላይ ጭሱ በሺህዎች መኪና ሰልፍ ውስጥ ይከማቻል፤ ዋግ ላይ አንዱ መኪና አልፎ ሌላው እስኪመጣ ነፋሱ ይወስደዋል። ያ አንድ መኪና ደግሞ እህል የጫነ ነው። ድርቅ በሚመላለስበት ዞን አምስት የጭነት መኪና በጭስ ምክንያት ቢቆም የገበያው ዋጋ ወዲያው ይናገራል።

ሌላም ነገር አለ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2020 እ.ኤ.አ. እንዳወጣው ከ2015 እስከ 2018 ባለው ጊዜ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል ተሽከርካሪዎች ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ ወደ ሌሎች አገሮች ሄደዋል፤ ትልቁን ድርሻ የወሰደችው አፍሪካ ናት። በዚያው ዓመት የሆላንድ መርማሪዎች ወደ አፍሪካ ከሚጫኑት አብዛኞቹ የጸና የብቃት ወረቀት እንዳልነበራቸው፣ የጭስ ማጣሪያቸውም እየተፈታ የተወሰደባቸው እንደሚገኙ ጽፈዋል። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለች፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለች። ዓላማው መልካም ሊሆን ይችላል። ግን አዲስ በማይገባበት ገበያ አሮጌው አይሞትም፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ወደ ዳር አገር ይወርዳል። አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና ስትጸዳ የእርሷ አሮጌ ሚኒባስ ሰቆጣ ላይ ሥራ ይጀምራል። በዚያን ጊዜ ጥብቁ የጭስ ሕግ መጥቶ የሚያገኘው የመጨረሻውን ገዥ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የፍሬን መፈተሻው በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ወደ ተሽከርካሪዎቹ ይምጣ። ባለንብረቱ መሣሪያ ፍለጋ እስከ ወልድያ ወይም እስከ ደሴ ከተላከ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ግጭት ምክንያት መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት በቆየበት አገር፣ ደላላው እንዲበለጽግ ተፈረደ ማለት ነው። የሕዝብና የጭነት ተሽከርካሪ በዓመት ሁለት ጊዜ ፍሬኑ ይታይ። ማኅተም የመታው ማዕከል ስሙ በቦሎው ላይ በጉልህ ይጻፍ፤ መኪናው በሳምንቱ በፍሬን ጉድለት ሰው ከገደለ ማዕከሉም ይጠየቅ። የጭሱ ልኬት ከአዲስ አበባ ይጀመር፣ ጣራው በከፍታ ይሰላ፣ ከመኪናው በፊትም የማደያው ነዳጅ ናሙና ይወሰድ።

ወጪውን ማን ይሸፍናል ለሚለው የመንገድ ፈንድ ከእያንዳንዱ ቦሎ የሚሰበስበው ገንዘብ አለ። ከዋግ ኽምራ መኪኖች ከሚሰበሰበው የተወሰነው ክፍል ተመልሶ ተንቀሳቃሹን መፈተሻ በሰቆጣ፣ በአምደወርቅ፣ በአስከተማና በጽጽቃ በየተራ ያቁም፤ ጅማሬውም ክረምቱ ወጥቶ የእህል ጭነት ከመብዛቱ በፊት ይሁን።