ሳይድባሩን አትዝጉት!

ኮድ በሚጽፉ ወዳጆቻችን ዘንድ አንድ ኩራት አለ። ቴክስት ኤዲተር ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚያደርጉት በግራ በኩል የፋይሎቹን ዝርዝር የሚያሳየውን ሳይድባር መዝጋት ነው። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ላይ ኮንትሮልና ቢን መጫን ይበቃል፤ ጥፍት! ፋይል ሲፈልጉ ደግሞ ኮንትሮልና ፒን ተጭነው ከስሙ ሁለት ሦስት ፊደል ይመታሉ። ሳይድባር ከፍቶ ፎልደር በፎልደር የሚዘረጋ ሰው ለነሱ ገና ጀማሪ ነው።

ለእንግሊዝኛ ስም ልክ ናቸው። የፋይሎቻችሁ ስም አማርኛ ከሆነ ግን ምክራቸውን አትስሙ።

ለምን በሉኝ። የሰሜን ሸዋን ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ለአንድ ድረ ገጽ እያዘጋጃችሁ ነው እንበል። የመንዝ ጌራ ምድሯን ከተማ ፋይል አንዱ ባልደረባችሁ «መሐል ሜዳ» ብሎ ሰይሞታል። እናንተ «መሀል ሜዳ» ብላችሁ ትፈልጋላችሁ። የለም! ለእኛ ሃሌታው ሀ እና ሐመሩ ሐ አንድ ድምፅ ናቸው። ዩኒኮድ ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ሲያስገባ ለእያንዳንዱ የየራሱን ቁጥር ሰጥቶታል (ደግም አደረገ)። ስለዚህ ለኮምፒውተሩ ሁለቱ እንደ በ እና ገ የተለያዩ ናቸው። «የለም» ሲላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? አዲስ ፋይል ትከፍታላችኋ! ከሦስት ወር በኋላ የአንዲት ተማሪ ስም በአንዱ ታርሞ በሌላው ሳይታረም ይገኛል፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚያውቀው ልጅ ደግሞ ሥራ ቀይሯል።

ሳይድባሩ ክፍት ቢሆን ዓይናችሁ ይይዘው ነበር። እርግጥ እሱም የሚደረድረው በፊደል ተራ ነው። «መለያ» የሚባል ፋይል ካለ «መሃል ሜዳ» እና «መሐል ሜዳ» መካከል ገብቶ ይቀመጣል። «መኻል» ብሎ የጻፈ ካለማ ከመርሐቤቴም በታች ይወርዳል። ቢሆንም ሁሉም መ ሥር ናቸው፤ ወረድ ብሎ ላነበበ ሰው አይጠፉም።

በወር ስም የምትሰይሙ ደግሞ ጉዳችሁ ነው። «ህዳር» ከላይ ቁጭ ሲል «ኅዳር» ታች ይገኛል። መስከረም የዓመቱ መጀመሪያ መሆኑንም ሳይድባሩ አያውቅም። ከፊቱ ቁጥር አድርጉለት፤ 01 መስከረም፣ 02 ጥቅምት፣ 03 ኅዳር።

ሞክሼዎቹን አጥፍተን እንገላገል የሚል አይጠፋም። ክርክሩ ከኮምፒውተር በፊትም የነበረ ነው። እኔ ለፋይል ስም ብዬ ሐመሩን ሐ አሳልፌ አልሰጥም። ይልቅ አብራችሁ የምትሠሩ ሰዎች ቁጭ ብላችሁ «እኛ ዘንድ መሐል በሐመሩ ሐ ነው» ተባባሉና በአንድ አጭር ፋይል ጽፋችሁ ከዝርዝሩ አናት ላይ አኑሩት። ስሙን በ00 ጀምሩት፣ አናት ላይ ይቆይላችኋል። የድሮዎቹንም ፋይሎች በዚያው ልክ ስማቸውን አስተካክሉ፤ አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን የአንድ ከሰዓት ጉዳይ ነው።

እስከዚያው የግድ በፍለጋ መሄድ ካለባችሁ ሞክሼ የሌለውን ፊደል ምቱ። «ሜዳ» በሉት፤ አራቱም አጻጻፍ ተሰልፎ ይመጣል።