ሥጋና ጎመን በአንድ ገበታ

ሰው የሚበላውን በሚመርጥበት ጊዜ የምላሱን ጣዕምና የሆዱን አቅም አስተባብሮ መመልከት ይገባዋል። ምላስ የሚደሰተው ለጥቂት ደቂቃ ሲሆን፤ ሆድ ግን በተሰጠው ምግብ ቀንና ሌሊት ይደክማል።

በአገራችን ሥጋ የክብር፤ ጎመን ግን የችግር ምግብ ተደርጎ መቈጠሩ የታወቀ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው 55 ቀን ሁዳዴን በሽሮና በምስር በጎመንም ከቈየ በኋላ፤ የፋሲካ ዕለት ይህን ሁሉ እርግፍ አድርጎ ትቶ በሥጋና በቅቤ ላይ ብቻ ይበረታል። ሳምንት ሳይሞላም አንዱ ሆዴ ደረቀ፤ አንዱ ቃር አቃጠለኝ፤ አንዱም ተቅማጥ ያዘኝ ይላል።

የዚህም ምክንያት የተሰወረ አይደለም። ሥጋ በጨጓራና በቀጭኑ አንጀት ስለሚፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት የሚደርሰው ትራፊ ጥቂት ነው። በአትክልትና በእህል ውስጥ ያለው አሠር ግን ሳይፈጭ ወደዚያ ወርዶ፤ ውሃ ይዞ ዓይነ ምድርን ያለሰልሳል፤ በዚያም ለሚኖሩት ረቂቃን ተሐዋስያን ምግብ ይሆናቸዋል። በኡጋንዳ በሐኪምነት የሠራው ዴኒስ በርኪት ከባልንጀሮቹ ጋራ በ1972 ዓመት በአውሮፓ አቈጣጠር ባወጣው ጥናት፤ አሠር የበዛበትን ምግብ የሚበሉ የኡጋንዳ ባላገሮች የበሉትን በ36 ሰዓት ገደማ ሲያስወግዱ፤ የእንግሊዝ መርከበኞች ግን ከ3 ቀን በላይ እንደሚቈይባቸው አስረድቷል።

እንዲህም ሲባል በሥጋ ብቻ መኖር ፈጽሞ አይቻልም ማለት አይደለም። የሰሜን ዋልታን አገር የመረመረው ስቴፋንሶን በ1928 ዓመት በአውሮፓ አቈጣጠር በኒውዮርክ ሐኪሞች እየተመለከቱት ሥጋና ስብ ብቻ መብላት ጀምሮ አንድ ዓመት ያህል ቈይቷል። ነገር ግን በመጀመሪያ ስብ የሌለው ሥጋ ብቻ በተሰጠው ጊዜ በጥቂት ቀን ውስጥ ሆዱ ታመመ፤ የዳነውም ስብ ከተጨመረለት በኋላ ነው።

አትክልትም ቢሆን ለሁሉ እኩል አይስማማም። ባቄላና ሽምብራ አንዱን ምንም ሳያደርጉት የሌላውን ሆድ ይነፋሉ፤ አንጀቱ በቀላሉ የሚቈጣ ሰውም ጎመን ሲበዛበት ቍርጠት ያገኘዋል። አሠር ያልለመደ ሰው በአንድ ቀን ቢያበዛው ይጐዳልና ቀስ በቀስ ሊለምደው ይገባል።

እንግዲህ በፋሲካ ገበታ ከሥጋው አጠገብ ጎመኑም ይቅረብ። ሥጋውም በመጀመሪያዎቹ ቀኖች በመጠን ይሁን፤ ጥሬ የበሬ ሥጋ የኮሶ ትል ስለሚያመጣ በደንብ ይብሰል። ባለቤትም እንግዳውን «በሞቴ» እያለ ጉርሻ ከመደራረብ ይታገሥ። ፍቅር የሚገለጥበት መንገድ ብዙ ነው፤ የእንግዳውን ሆድ ልክ የሚያውቅ ግን እንግዳው ራሱ ብቻ ነው። አባቶች «ጎመን በጤና» ማለታቸው ጎመንን የድኻ ምግብ ብለው ለመናቅ ሳይሆን፤ ጤና ከጮማ እንደሚበልጥ አይተው ነው።