ጥቁሩም አረንጓዴውም ተምች ነው

ይድረስ በጥርባና በአካባቢዋ ለሚገኙ ውድ አንባቢዬ፤

የምጽፍልዎ ስለ ተምች መልክ ነው። «ተምች ጥቁር ትል ነው፤ ይህን የማያውቅ አለ እንዴ?» እንደሚሉኝ ይገባኛል። እውነትዎን ነው፤ ማሳ ሲያራቁት ያዩት ጥቁሩን ነው። ሣር ሥር አይተው «ይሄ ሌላ ነው» ብለው ያለፉት አረንጓዴ ትልስ? እሱም ያው ተምች ነው።

«አንድ ዘር እንዴት ሁለት መልክ ይይዛል?» ቀለሙን የሚወስነው ብዛቱ ነዋ! ጥቂት ሆኖ ሲያድግ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ይሆንና ሣር ሥር ተሸሽጎ ይኖራል። ሲበዛና እርስ በርሱ ሲነካካ ግን ቆዳውን በጣለ ቁጥር እየጠቆረ፣ ጎኑ ላይ ቢጫ መስመር እያወጣ ይሄዳል፤ ሰብሉ ጫፍ ላይ ወጥቶም በጠራራ ፀሐይ ይበላል። ጥቁረቱ ሙቀት ስለሚስብለት ቶሎ ያድጋል። እኔን አብልጦ የሚያስደንቀኝ ደግሞ፣ መንጋ ውስጥ የሚዛመተውን በሽታ ጥቁሩ ከአረንጓዴው ይልቅ መቋቋሙ ነው። ፎር የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ተመራማሪ ይህን የመልክ ለውጥ እ.ኤ.አ. በ1943 ጽፎታል።

«በአንድ ሌሊት ከሰማይ የወረደብንስ?» እዚህ ላይ በፍቅር ልከራከርዎ። ከሰማይ የመጣችስ አለች፤ እናቱ ናት። ከጥቁሩም ከአረንጓዴውም የምትወጣው ይህችው ግራጫማ ቡናማ የእሳት እራት፣ የኋላ ክንፏ ነጣ ያለው፣ ነፋስ ተከትላ ሩቅ አገር ታቋርጣለች። ዝናብ በጣለበት አርፋ እንቁላሏን በመቶዎች ትጥላለች። ትሉ ሲፈለፈል ኢምንት ነው፤ እርስዎ ጠቁሮ ባዩት ቀን ማሳዎ ውስጥ ብዙ ቀን ሰንብቷል።

«በቆሎዬን የበላውስ?» እሱ መጤው ተምች ሊሆን ይችላል፤ ከአሜሪካ ተነሥቶ አገራችን የገባው በ2009 ዓ.ም. ነው። እሱም አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ጥቁርም ስለሚሆን በቀለሙ አይመኑ። ጅራቱ አጠገብ አራት ማዕዘን የሠሩ አራት ጥቁር ነጥቦች ይፈልጉ። የወንዱ የእሳት እራት ክንፍ ጫፍ ላይ ደግሞ ነጭ ምልክት አለ።

«ድንቹንና ባቄላውንስ?» የኛ ነባር ተምች ምግቡ የሣር ወገን ነውና አይስጉ። ገብሱን፣ ጤፉን፣ ዳጉሳውንና የግጦሹን መስክ ግን ዝናቡ እንደጀመረ ሥር ሥሩን ገለጥ እያደረጉ ይዩልኝ። ትሉ ከሚበላው አብዛኛውን የሚበላው በመጨረሻ ዕድሜው ነው፤ ገና ትንሽ አረንጓዴ ሳለ ካገኙት ብዙው ሰብል አልተነካም፤ መድኃኒቱም ያኔ ይበልጥ ይይዘዋል።

አክባሪዎ